ለዘንዶ ቆዳ መዳፍ የማትሞላ መስኮት ትበቃለች

ደሴ ውስጥ የቢላዋ አፎት እሠራለሁ። ቀበቶም እሠራለሁ፣ የተቀደደ ቦርሳም እሰፋለሁ፤ ሰው ግን የሚፈልገኝ ለአንድ ነገር ነው። "ያንን እባብ ያለበትን" ይሉኛል። ሰኞ ገበያ አካባቢ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ "እስኪ እባቡን አሳየን" ይለኛል። አፎቱ ፊት ላይ የተቆረጠች ትንሽ መስኮት አለች፣ በመስኮቷ የዘንዶ ቆዳ ይታያል፤ በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ግን ሰው ይወዳታል። እኔም እወዳታለሁ።

ሁለት ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። አንደኛው "ቆዳውን ከየት ነው የምታመጣው?" ሁለተኛው "ለምን ሙሉውን አፎት በእባብ አትሠራውም?" የሁለቱ መልስ የተያያዘ ነው። ቆሜ ባጭሩ ስመልስ ሰው በደንብ አይገባውም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ከእባቡ በፊት ግን ስለ አፎቱ ላውራ። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እባቡን አይቶ አፎቱን ይረሳዋል።

አፎት ስለቱን ከዝገትና ከመዶልዶም ይጠብቃል፣ ጭናችሁን ደግሞ ከስለቱ ይጠብቃል። ይህንን ካልሠራ ወርቅ ቢለጠፍበትም አፎት አይባልም። እኔ ጋ የሚመጣው ቢላዋ አብዛኛው እዚሁ አገራችን የተቀጠቀጠ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ ማለት ነው። ባሌስትራ ግሩም ብረት ነው፤ ስለቱን ቶሎ አይጥልም፣ ብትስሉት ምላጭ ይሆናል። ግን ይዝጋል። ትንሽ እርጥበት ካገኘ በአንድ ሌሊት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የሥጋ ቤት ሰዎች፣ ገበሬዎች፣ በግ ነጋዴዎች የሚይዙት ይሄንን ነው።

ባቲ ሰኞ ዕለት ገበያ ወጥታችሁ ከሆነ ደግሞ አፋሮች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን ጊሌ አይታችኋል። ጎበጥ ያለ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው ቢላዋ ነው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ባቲ ስሄድ ዓይኔ ከጊሌ አይነቀልም ነበር። በኋላ ሳስበው ያኔ የማየው ቢላዋውን አልነበረም። ቢላዋውማ ተሸፍኗል፣ ማን ያየዋል? የማየው አፎቱን ነበር፤ የቆዳውን መወልወል፣ በመታጠቂያው ላይ ያለውን ሥራ። ሰውየው ሲራመድ አፎቱ አብሮት የሚሄድበት መንገድ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። አፎት የመሥራት ፍቅር እዚያ የጀመረኝ ይመስለኛል።

እንግዲህ ቆዳው። ቆዳ የሚለፋው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፤ ክሮም በሚባል ኬሚካል ወይም በዕፅዋት። ፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። ክሮም ፈጣን ነው፣ ቆዳውንም ለስላሳና ተጣጣፊ ያደርገዋል፤ ለጃኬት፣ ለጫማ ፊት፣ ለሶፋ ጥሩ ነው። ለአፎት ግን አይሆንም። ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ ቅሪቱ ውስጡ ይቀራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ይበላዋል። በዚያ ላይ ቅርጽ አይዝም። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ግን ሳምንታት ፈጅቶ የሚለፋ ሲሆን ጠንካራ ነው፣ ውሃ ነክታችሁ ቢላዋው ላይ ስትጫኑት የቢላዋውን ቅርጽ ይይዛል፣ ሲደርቅ እንደዚያው ይቀራል። አያቶቻችን በእምቧይ ፍሬ ያለፉ የነበረው ቆዳ የዚህኛው ወገን ነው። እኔ የምጠቀመው ለጫማ ሶል የሚሆነውን ወፍራም የበሬ ቆዳ ነው፣ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለውን። ከአዲስ አበባ መርካቶ ነው የሚመጣልኝ።

የቱ በምን እንደለፋ ለማወቅ ቀላል ነገር ላሳያችሁ። ከጥጉ ትንሽ ቁራጭ በምላጭ ቁረጡና የተቆረጠውን ጎን እዩት። መሐሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። እስከ ውስጡ ድረስ ቡናማ ወይም ገለባ መሳይ ከሆነ በዕፅዋት የለፋ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ እስከ መሐል የገባ ቆዳ ስለሚያታልል እኔ በዚህ ብቻ አላምንም፣ ቁራጩን በክብሪት እለኩሰዋለሁ። ክሮሙ አመዱ አረንጓዴ ይላል። ሌላው ጥቁር ከሰል ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ፊት ክብሪት ስታወጡ ትንሽ ይደነግጣል፣ ግን ይለምደዋል።

ይሄን ያህል የምጨነቀው በከንቱ አይደለም። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጭጋጉ መስኮት ድረስ ይገባል። ባለፈው ክረምት አንድ የሥጋ ቤት ሰው ከሌላ ቦታ የገዛውን አፎት ይዞ መጣ። ውጪው ያምራል፣ ስፌቱም መጥፎ አይደለም። ቢላዋውን ስስበው ግን ከጫፉ እስከ እጀታው በዝገት ተዥጎርጉሯል። አፎቱን በሰያፍ ቆርጬ አሳየሁት፤ መሐሉ ሰማያዊ ነው። "ወንድሜ፣ ቢላዋህን የበላው ይሄ ነው" አልኩት። ዝም ብሎ አየውና "ወላሂ እኔ የብረቱ ጥፋት መስሎኝ ቀጥቃጩን ተጣልቼዋለሁ" አለኝ። ሄዶ እንዲታረቀው ነገርኩት፣ ታረቁም።

አሁን ወደ እባቡ።

የምጠቀመው የዘንዶ ቆዳ ሁሉ የሚመጣው ከአሮጌ ዕቃ ነው። ከአሮጌ የሴት ቦርሳ፣ ከተበጠሰ ቀበቶ፣ ሶሉ ካለቀ ጫማ። አንዳንዱ ከሰልባጅ መሐል ይገኛል፣ አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ዘመኑን ሙሉ ተቀምጦ የኖረ ነው። በአንድ ወቅት ደህና ኑሮ የነበራቸው ቤቶች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቦርሳ አይጠፋም። ከአሥመራ የመጣ፣ ከጣልያን አገር የመጣ፣ ለሠርግ የተሰጠ። እጀታው ተበጥሷል፣ ገበሩ ተቀዷል፣ ማንም አይዘውም፣ ግን ለመጣልም አንጀት አይችልም። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ሁሉም ግን እውነተኛ አይደለም። ከሚመጣልኝ አብዛኛው የላም ቆዳ ላይ በማሽን የታተመ የእባብ መልክ ነው። እንዴት ይለያል? ጥፍራችሁን ከጭራው አቅጣጫ ወደ ጭንቅላቱ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። እውነተኛው ከሆነ የእያንዳንዱ ቅርፊት ጠርዝ ጥፍራችሁን ያዝ ያደርጋል፤ ከታች የተከፈተ ትንሽ ኪስ አለው። የታተመው ያንሸራትታል። ሌላው ምልክት ድግግሞሽ ነው። ማሽን አንዱን መልክ ደጋግሞ ያትማል፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ስታዩ ያው ነጠብጣብ ያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ፈጣሪ የሠራው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ቅርፊት ፈልጋችሁ አታገኙም። ገበሩ ከተቀደደ ደግሞ ጀርባውን እዩ፤ የእውነተኛው ቆዳ ውስጠኛ ፊት ላይም የቅርፊቶቹ መረብ በስሱ ይታያል። እኔ ይሄን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ማንም እንዲያየው ያልታሰበ ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሥራ።

አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጥተው ነበር። ቦርሳዋን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋታል። ባለቤታቸው ወጣት ሳሉ የሰጧቸው ነች፤ አሁን ባለቤታቸው የሉም። ልጃቸው የአባቱን ቢላዋ ወርሷል፣ አፎት ግን የለውም። "ልጄ፣ የአባቱን ቢላዋ በኔ ቦርሳ አልብስልኝ" አሉኝ። ቦርሳዋን ከፈትኳት፤ ናፍታሊን ሸተተኝ። ፊቷ በፀሐይ ነጥቷል፣ ቅርፊቱ ተቀርፎ ይረግፋል። ክዳኗን ስገልጠው ግን ከክዳኑ ሥር የነበረው ቆዳ ያኔ እንደተሠራ ነው። ጥቁሩ ጥቁር፣ ክሬሙ ክሬም፣ በመሐሉ ያለው ቡናማ የሚያበራ። ፀሐይ አላገኘውም፣ እጅ አልፈተገውም። ከአሮጌ ቦርሳ ጥሩው ቆዳ ሁልጊዜ ያለው እዚያ ነው። የሚድነው ግን ጥቂት ነበር፤ መዳፍ አይሞላም። "እማማ፣ ከዚህ የሚተርፈው ይቺ ብቻ ናት" አልኳቸው። "አብሽር፣ እሷ ትበቃዋለች" አሉኝ። የተረፈውን ቦርሳ ግን አልተዉልኝም፤ መልሰው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት።

ሰው አዲስ ቆዳም ያመጣልኛል። ወደ ቆላው ወርዶ የተመለሰ አንድ ጎረምሳ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጥሬ የዘንዶ ቆዳ ይዞ መጥቶ ያውቃል። ርዝመቱ ከበሩ እስከ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ይደርሳል። ጥሩ ዋጋ እንደምሰጠው እርግጠኛ ነበር። አልገዛሁትም። አንደኛ ሕጉ አለ። የአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም ሆነ ውጤቱን መነገድ ይከለክላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሳይቲስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለ ነው፣ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። የዘንዶ ዝርያዎች በሙሉ በዚህ ስምምነት መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ አንድ ቁራጭ ቆዳ ድንበር ለመሻገር ወረቀት ያስፈልጋታል። ለዚህ ነው ወደ ውጭ አገር ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች በዘንዶ የማልሠራው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢወሰድባቸው ሐዘኑ የነሱ ብቻ አይሆንም፣ የኔም ነው።

ሕጉ ባይኖርም ግን አልገዛውም ነበር። የኛ አገር ዘንዶ አድጎ አምስት ሜትር ሊያልፍ የሚችል ፍጥረት ነው። መርዝ የለውም። አይጥና ሌላ እንስሳ እየበላ ይኖራል፤ ገበሬው ባያውቀውም እህሉን ይጠብቅለታል። ያንን ያህል ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል። እሱን ለአንድ አፎት ፊት ብሎ መግደል ለኔ ልክ አይደለም። ጎረምሳውን ቁጭ አድርጌ ሻይ ጋብዤ ይህንኑ ነገርኩት። ተስማማ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አኩርፎ ነው የሄደው። ሌላ ቆዳ ግን አላመጣም።

እባብ የጣለውን ቆዳ የሚያመጡም አሉ፤ በተለይ ልጆች። ድንጋይ ሥር አግኝተው፣ እንዳይሰበር በካርቶን ይዘው ሲመጡ ያስደስታሉ። እሱ ግን ቆዳ አይደለም፣ የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ቀለምም የለው፣ ሲነኩት ይሰባበራል። አይለፋም፣ አይሰፋም። ልጆቹን በባዶ እጅ ላለመመለስ ከቁርጥራጭ ቆዳ የቁልፍ መያዣ እሰጣቸዋለሁ።

እንግዲህ ሙሉውን አፎት ለምን በእባብ እንደማልሠራ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ፤ ከአሮጌ ቦርሳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን ቦርሳ ቢትረፈረፍም አልሠራውም። የዘንዶ ቆዳ ስስ ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አፎቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቅርፊቱ ይነሳል። አፉ ላይ ቢላዋው ሲገባና ሲወጣ ይፈተጋል። ጠርዙ ላይ ከሱሪ ጋር ይታገላል። ከላይ ተለጥፎ የሚሠራ የእባብ አፎት ገበያ ላይ አይቻለሁ፤ ሲገዛ ያምራል፣ ብዙም ሳይቆይ ጠርዙ ይላላጣል። መስኮት ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ግን የበሬው ቆዳ ዙሪያውን ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። የሚፈተገው በሬው ነው። በሬው ደግሞ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአፎቱ ፊት ሁለት ድርብ ነው፤ መስኮት የሚከፈትበት የላይኛው፣ ዘንዶው የሚያርፍበት የታችኛው። መጀመሪያ ሁለቱንም ቆዳ ውሃ አጠጥቼ፣ ቢላዋውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቅርጹን በጣቴና በተላገ ቀንድ እያስያዝኩ አወጣለሁ። ከዚያ ይደርቃል። መድረቁ ላይ መቸኮል የለም። ደሴ በክረምት ቀናት ይፈጃል፤ ከሀረጎ ወረድ ብላችሁ ኮምቦልቻ ብትሠሩት 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አየሩ ሌላ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ግን ቆዳው ይሰነጠቃልና ጥላ ፈልጉለት። ውሃው ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው መስኮቱን የምቆርጠው፣ ምክንያቱም ዘንዶው ውሃ እንዲነካው አልፈልግም።

መስኮቱ የሚቆረጠው በአንድ ትንፋሽ ነው። አዲስ ምላጭ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ልክ፣ እጅ ሳይነሳ። ብዙ ጊዜ የማበጀው ረዘም ያለ የቅጠል ቅርጽ ነው፤ ማዕዘን ያለው መስኮት ጥጉ ላይ ስፌቱ ይጨናነቃል። ከዚያ የመስኮቱን ጠርዝ ከውስጥ በኩል እልጨዋለሁ፣ ወደ ዘንዶው እየሳሳ እንዲወርድ። ከዘንዶው ሥር ደግሞ ከመስኮቱ ትንሽ የምታንስ ስስ የቆዳ ቁራጭ አስገባለሁ። እሷ ናት ዘንዶውን ከሥር ገፋ አድርጋ ሆድ የምታወጣለት። እሷ ከሌለች እባቡ ተኝቶ የሞተ ይመስላል።

የቅርፊቱ አቅጣጫ ላይ ድርድር የለኝም። ጭንቅላቱ ወደ አፎቱ አፍ፣ ጭራው ወደ ጫፉ። ቅርፊቱ እንደ ሳር ቤት ክዳን አንዱ በሌላው ላይ ወደ ታች ይደረባል፤ ዝናብ ቢወርድበት፣ ጋቢ ቢያርፍበት፣ እጅ ቢዳብሰው ሁሉም ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ቅርፊቱን አያነሳውም። ገልብጦ የሠራ ሰው አይቻለሁ። መልኩ ስለሚያምር ነበር የገለበጠው። ቅርፊቱ ወደ ላይ ተከፍቶ አቧራና ላብ ሰበሰበ።

ማስቲሹ ስስ መሆን አለበት፤ ከበዛ በቅርፊቱ ሥር ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ አይነሳም። ከማስቲሹ በኋላ ስፌት። ሁለት መርፌ፣ አንድ ክር፤ ሁለቱም መርፌ በአንዱ የወስፌ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። በማሽን የተሰፋ ከሆነ አንዱ ቦታ ሲበጠስ ክሩ እየተተረተረ ይሄዳል። በሁለት መርፌ የተሰፋ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። ክሩን ከመስፋቴ በፊት በንብ ሰም አሻዋለሁ። በጣቴ ሳሽከረክረው ሰሙ ሞቅ ብሎ ይገባል፣ ክሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ሲጎተት "ዥ" የሚል ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ሲመጣ ጥሩ እየገባ ነው።

ስለ እባቡ ብቻ የሚጠይቁኝ ሰዎች የማያዩት አንድ ነገር አለ፤ የመሐል ጠፍር። ሁለቱ የአፎት ፊቶች ከሚገናኙበት ጠርዝ መሐል የሚገባ ቀጭን የቆዳ ጠፍር ነው። ስለቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፣ ክሩ ላይ አይደለም። እሱ ከሌለ ቢላዋው ሲገባ ሲወጣ የራሱን ስፌት ይቆርጣል፤ አንድ ቀን አፎቱ ተከፍቶ ስለቱ ጭን ላይ ያርፋል። ገዢው ይህን ጠፍር ፈጽሞ አያየውም። አፎት ስትገዙ፣ ከኔም ይሁን ከሌላ፣ ከመስኮቱ በፊት ጠርዙን እዩ። ሦስት ድርብ መቁጠር አለባችሁ። ፊቱ ሁለት ድርብ ከሆነ ደግሞ አራት።

እባብ የማይፈልግ ደንበኛም ብዙ ነው። ወሎ ነውና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል። "ይሄ ነገር እኔ ዘንድ አይሆንም" የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ ከሃይማኖታቸው አንጻር የሚጠነቀቁም አሉ፣ እባብ የተባለ ነገር ወገባቸው ላይ እንዲያርፍ የማይወዱም አሉ። ከአንዳቸውም ጋር አልከራከርም። ለነሱ የምከፍተው መስኮት በባቲ ፍየል ነው። እና እውነቱን ልናገር፤ በሥራ ደረጃ ካያችሁት ከዘንዶው አያንስም። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ ላይ "ባቲ ጄንዩን" እየተባለ በስሙ የሚጠራ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ውስጠኛ ፊቱ የጠራ። ውስጠኛ ፊቱን ከሞረዱት የሚያምር ከፋይ፣ ለስላሳ ፀጉር መሳይ ፊት፣ ይወጣዋል። የደጋችን የበግ ሌጦ ደግሞ ለጓንት ተፈላጊ ነው። እነዚህ ቆዳዎች ኮምቦልቻ ድረስ ከየገበያው እየተጫኑ ሲያልፉ እናያለን፣ ጫማና ጓንት ሆነው ሌላ አገር ይሸጣሉ። እኛ ደግሞ እዚሁ ከጎናችን ያለውን ትተን "እባብ አለህ?" እንባባላለን። እኔ በጥቁር ክር ዙሪያውን የሰፋሁት ቀይ የባቲ ፍየል መስኮት አለኝ፣ ማንም ቢመጣ የማልሸጠው፤ ለናሙና አስቀምጬዋለሁ። እሱን አይተው ሐሳባቸውን የለወጡ ሰዎች አሉ።

ቆዳ መሥራት እኛ አገር ቀላል ስም አልነበረውም። "ፋቂ" ስድብ ነበር። ቆዳ የሚያለፋ ሰው ጋር መጋባት የማይፈልግ፣ በሩን የማያስነካ ብዙ ነበር፤ ጫማውንና ቀበቶውን፣ ኮርቻውንና መጫኛውን ግን ከሱ ነበር የሚያሠራው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፣ ግን እናቴ ይህን ሥራ ስጀምር ለጎረቤት "ንግድ ጀምሯል" ነበር የምትለው። አሁን ለእንግዳ አፎት አውጥታ የምታሳየው እሷ ናት። ወጣቶች መጥተው "አስተምረን" ሲሉኝ በጣም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የማስተምራቸው እባብ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ስፌትና ጠርዝ ማለስለስ ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ ውሃ ነክተው፣ በጨርቅ እስኪያበራ እንዲፈትጉት አደርጋለሁ። አንዳንዱ እዚያው ይሰለቸውና ይቀራል። የቆየው ይገባዋል።

ስለ ዋጋ የምትጠይቁኝም አላችሁ። በእባብ የተሠራው ከሌላው የሚወደደው በቆዳው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቆዳውን ይዛችሁ የምትመጡት ራሳችሁ ናችሁ። የሚወደደው በመስኮቱ ሥራ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ አሮጌ ቦርሳ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ክዳኑን ግለጡና ሥሩን እዩ። ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ያዝ ካደረጋችሁ አምጡት።

አፎቱን ከወሰዳችሁ በኋላ ደግሞ ጥቂት ነገር አደራ። ክረምት ላይ ቢላዋውን አፎቱ ውስጥ አታሳድሩት፤ በዕፅዋት የለፋ ቆዳም ቢሆን እርጥበት ይይዛል፣ ባሌስትራ ደግሞ ምሕረት የለውም። ለየብቻ ይደሩ። ዘንዶውን ስትጠርጉት ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ በደረቅ ጨርቅ። ቅባት አታብዙበት፤ ቅርፊቱ ሥር ገብቶ ያጠቁረዋል። የበሬውን ቆዳ ግን በዓመት አንዴ ሁለቴ ትንሽ የንብ ሰም አሞቃችሁ ቀቡት፣ ደስ ይለዋል። ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ስፌቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ራሳችሁ በማስቲሽ አትለጥፉት፣ በኋላ መርፌ አያስገባም። ወደኔ ላኩት፤ የሰፋሁትን ስፌት በነጻ ነው የምጠግነው፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም በሚወጣ ታክሲ ብትልኩልኝ ይደርሰኛል።